ለጨረቃ ያልኩት ጋሪ

ሻይ ቤት ተቀምጦ ዝም ማለት የሚችል ሰው የታደለ ነው። እኔ አልታደልኩም። ከእናንተም መካከል እንደኔ ያልታደለ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው ይህን የማወራችሁ፤ ቢያንስ አንዳችሁ እንኳ ምላሳችሁን ከስኳሩ ጋር አሟሙታችሁ ብትውጡት ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

ከጎጃም ተነስቼ አሰበ ተፈሪ የሳይንስ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ገና ጢሜ በቅጡ ሳይገጥም ነው። ከትምህርት መልስ የምቀመጥበት አንድ ሻይ ቤት ነበረኝ። ሻዩ ያው ሻይ ነው፤ ሰው የሚመጣው ለራዲዮኑ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ዜና አንባቢው ፈረንጆች ሰው የሌለበት መሣሪያ ጨረቃ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉ ብሎ አነበበ። ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። የሳይንስ መምህርነት አንዱ ጣጣ ይህ ነው። ላም ሆዷ ቢነፋ፣ ራዲዮ ቢንኮሻኮሽ፣ ጨረቃ ላይ ብረት ቢቀመጥ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ሐጂ ኡመር ናቸው። ሐጂ ኡመር የታወቁ የጫት ነጋዴ ናቸው፤ በየቀኑ በጭነት መኪናቸው ጫት ወደ ሚኤሶ እያወረዱ በባቡር ይልካሉ። ሲናገሩ ረጋ ብለው ነው፤ የሚጠይቁት ግን ሁልጊዜ ስሩን ነው።

"መምህር፣ ይሄ ነገር አረፈ። እሺ። ካረፈ በኋላስ? እዚያው ተጎልቶ ይቀራል?"

"ለጊዜው ይቀመጣል፤ ወደፊት ግን የሚሄድ ይልካሉ። ጎማ ያለው፣ እየዞረ አገር የሚያይ።"

"ማን ያወርደዋል? እኔ ከመኪና ላይ ፍየል እንኳ ላውርድ ብል ሰው ያስፈልገኛል። እዚያ ሰው የለም ተብሏል።"

እዚህ ላይ "እሱን እኔም አላውቀውም" ብል ኖሮ ሻዬን ጨርሼ ቤቴ እገባ ነበር። እኔ ግን ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ እግሬን አነባብሬ፣ "እሱማ ቀላል ነው" አልኩ። "ሳጥኑ መሬት ሲነካ ራሱ ይከፈታል፤ ግድግዳው መውረጃ ይሆነዋል፤ ጋሪው በራሱ ይወጣል። እንዲህ ያለውን እኔም ብሆን እሠራዋለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ አፋፍ ከጀርባዬ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ ዳምጠው ነበሩ።

በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው እንደተሰለፈ አቶ ዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ በዘንድሮው የወላጆች ቀን የሳይንስ መምህራችን ለጨረቃ የሚሆን ጋሪ ሠርተው ከሰማይ ያወርዳሉ፣ የአውራጃ ገዥውም በቦታው ይገኛሉ አሉ። ተማሪው አጨበጨበ። እኔም ይህ ጉድ የወረደበት መምህር ማነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ትምህርት ቤቱ ያለው የሳይንስ መምህር አንድ ብቻ ነበር።

ቢሮአቸው ድረስ ተከትያቸው ገባሁ። "አቶ ዳምጠው፣ ያ እኮ ሻይ ላይ የተወራ ነገር ነው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ፤ ደግሞ ቁጣም ቀልድም የለባቸው። "ስማኝ ልጄ። ለዚህ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንዲሠራልን ያልለመንኩት ሰው የለም። ገዥው በመጡ ቁጥር የምናሳያቸው የዕፅዋት ሥዕል ነው። ዕፅዋት ደግሞ እሳቸው ግቢም ሞልቷል። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ካሳየናቸው ቤተ ሙከራው ይሠራል። አንተ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ስጠኝ።"

ለራሴ ክብር ቢሆን እምቢ እል ነበር። ነገር ግን እኔም ስለ ጨውና ስለ አሲድ በጠመኔ ሥዕል ማስተማር ሰልችቶኝ ነበርና እሺ ብዬ ወጣሁ።

እስቲ አስቡት። የጋሪው አካል ከጣውላ ይሠራል። ጎማው ከዱቄት ወተት ጣሳ ይሆናል። ለሳጥኑም የሻይ ቅጠል የመጣበት ሣጥን አለ። ግን ምን ይግፋው? ፈረንጅ የሚጠቀምበትን ባትሪ እኔ ከየት አመጣለሁ? ስብከነከን ሰንብቼ አንድ እሑድ ጠዋት በራፌ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ከአከራዬ ቤት ክር... ክር... ክር... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ባላቸው ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር የሚያስቆምና የሚያስነሳ ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ሚኤሶን ትተው ወደ ደጋ ወጡ፤ አሰበ ተፈሪ ቤት ሠርተው ግማሹን አከራይተው ይኖራሉ። ከእሱ የቀራቸው አንድ ግራሞፎን ነው። ያ የሰማሁት ድምፅ የግራሞፎኑን ሞላ ሲያጠነጥኑት ነበር። ሞላው ዝጎ እንዳይቀር እሑድ እሑድ ያጠነጥኑታል፤ ሳህኑ ባዶውን ዞሮ ዞሮ ሲቆም ይከድኑታል።

"ሸክላ ለምን አያስቀምጡበትም?" አልኳቸው።

"ሸክላ የሚመርጠው እሱ ነበር" አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የግራሞፎኑን ሞተር ለጋሪዬ ስጡኝ ማለት ነውር ነው። እኔም ነውር መሆኑን አውቄ፣ ሦስት ቀን ያህል አፍሬ፣ በአራተኛው ጠየቅኋቸው። የጠየቁኝ የሚሰበር መሆን አለመሆኑን አልነበረም።

"የት ነው የሚሄደው?"

"ለጨረቃ እንዲሆን ተብሎ ነው የሚሠራው፤ የሚሄደው ግን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው።"

"በወደቀ ቁጥር እኔ አጠገቡ እሆናለሁ። ያለዚያ አልሰጥም።"

እንዲህ አድርገን ተስማማን። እኔ የተስማማሁት ሞተር ለመዋስ መስሎኝ ነው፤ ለካ የሥራ አለቃ ቀጥሬያለሁ።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ካልገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተማሪዎቼም እንዲሁ ይላሉ። የሳጥኑ አራት ግድግዳዎች ከታች በማጠፊያ ተይዘዋል፣ ከላይ ደግሞ በአንድ ገመድ ታስረዋል። ገመዱን የያዘው አንድ ሚስማር ነው። ሚስማሩን የሚነቅለው የአይጥ ወጥመድ ነው። ሳጥኑ መሬት ሲመታ ወጥመዱ ጧ ይላል፣ ሚስማሩ ይነቀላል፣ ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፣ የጋሪው ፍሬን ይለቀቅና ጋሪው በተዘረጋው ግድግዳ ላይ ተንደርድሮ ይወርዳል። ወረቀት ላይ ይህን ያህል ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ሳጥኑ በአናቱ ወደቀ። ግድግዳው ተከፈተ፣ ጋሪው ግን ጀርባው ላይ ተኝቶ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ አራት ጣሳውን ወደ ሰማይ ሲያሽከረክር ቆየ። እትዬ ጥሩወርቅ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩትና "የሚሄድስ ይሄዳል፤ መሬቱ ነው የራቀው" አሉ።

በእግሩ እንዲወርድ ብዬ ከሥሩ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ አሰርኩበት። አሁን ደግሞ ወጥመዱ ቸኩሎ አየር ላይ ተከፈተና ጋሪው ከሳጥኑ ቀድሞ መሬት ደረሰ። እንዳይቸኩል አጠበቅኩት። ሲጠብቅ ጭራሽ አልከፈት አለ፤ ምን ነካው ብዬ እጄን ሳስገባ የተከፈተው በእኔ ጣት ላይ ነው። ያን ሳምንት ጠመኔ የያዝኩት በግራ እጄ ነበር። ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ወጥመዱ አይጥ ይዞ አገኘሁት። ጨረቃ ትሄዳለህ ብለው ቢሾሙት የድሮ ሥራውን አልተወም።

ቀስ በቀስ ግን እየቀናን መጣ። ጣሳው ለስላሳ አፈር ላይ ሲሰምጥ ሐጂ ኡመር ያረጀ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ሰጡኝና በየጣሳው ላይ ቆርጬ አጠለቅኩለት። እግረ መንገዳቸውን የሠራሁትን ዞረው አዩ፤ ወጥመዱን አስከፍተው፣ ግድግዳው ሲዘረጋ አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማውረጃው ገባኝ። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ መምህር፣ ረመዳን ቀርቧል። እኛ ጨረቃዋን አይተን ነው የምንይዘው። አደራ እንዳትነኳት።"

"ሐጂ፣ እኛ እስከ ኳስ ሜዳው ድረስ ነው የምንደርሰው።"

"እንግዲያው ኢንሻአላህ ያምርልህ" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ገደል ለመጣል ጃንጥላ አስፈለገ። ለአቶ ዳምጠው ጃንጥላ ያስፈልገናል ብላቸው ከቤተ ክርስቲያን ሊያስመጡ ተነሱ። የዚያን ዓይነት አይደለም፣ ነፋስ ይዞ የሚያወርድ ሰፊ ጨርቅ ነው ብዬ መለስኳቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ከአቡጀዲድ ሰፉልኝ። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ላይ ስንለቀው ሳጥኑ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ወርዶ ሜዳው ላይ ያርፋል፤ ጧ ይላል፤ ይዘረጋል፤ ጋሪው ይወጣል። እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው ይነሱና ከኋላው እየተከተሉ ሞላው እስኪያልቅ ይሸኙታል። ሲቆም አንስተው አቧራውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉለታል። ይህን በተከታታይ ቀናት አየሁና እንቅልፌ ተመለሰ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ገዥው በጠዋት ይመጣሉ ተባለ፤ የመጡት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። መዝሙር ነበረ፣ ድራማ ነበረ፣ የአቶ ዳምጠው ንግግር ነበረ። እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ሳጥኔን አቅፌ ቆሜያለሁ። ምልክታችን አቶ ዳምጠው መሐረባቸውን ከፍ ሲያደርጉ ነው። ችግሩ አቶ ዳምጠው ሲናገሩ ያልባቸዋል፤ ሲያልባቸው ደግሞ መሐረባቸውን ያወጣሉ። ልቤ ስንት ጊዜ እንደወጣና እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበረ። እኛ የሞከርነው ሁሉ ጠዋት ነው። ጠዋት አሰበ ተፈሪ ቅጠል አይነቃነቅም። ከቀትር በኋላ ግን ከቆላው የሚነሳ ነፋስ ተራራውን እየታከከ ይመጣል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ የሚያሰጣ የለም። መሐረቡ በመጨረሻ ከፍ ሲል ሳጥኑን ለቀቅኩ።

ለጥቂት ጊዜ ወረደ። ከዚያ ጃንጥላው ሆዱን ነፋና ወደ ጎን ሄደ። ሜዳውን አለፈ። የክብር እንግዶቹ ከተቀመጡበት ዳስ በላይ አለፈ። ገዥው አንገታቸውን አቅንተው ተከተሉት። ሕዝቡ እንዲህ ነው የሚደረገው ብሎ አጨበጨበ። ሳጥኑ አጥሩን ተሻግሮ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ተንሳፍፎ፣ ወደ ገበያው በኩል ተሰወረ።

ገደሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ሱሪዬ ግን ያውቃል። ስወርድ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከፊቴ እየሮጡ ነበር። ዳሱ አጠገብ ሳልፍ ገዥው አቶ ዳምጠውን "አሁን ወዴት ነው የሚሄደው?" ሲሏቸው፣ አቶ ዳምጠው ደግሞ "ወደፊት ነው ጌታዬ" ሲሉ ሰማሁ።

ገበያ ስንደርስ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ በጣቷ ወደ መንገዱ አመለከተችን። ሳጥኑ ያረፈው የሐጂ ኡመር መኪና ላይ ነው። መኪናው ጫቱን ጭኖ፣ ጫቱ እንዳይጠወልግ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ሊነሳ ሲል ነው ከላይ መጥቶ ቂብ ያለው። ጫት እንደ ፍራሽ ነው፤ ወጥመዱ እንኳ መሬት መንካቱን አላወቀም። ሐጂም ሾፌሩም ጋቢና ውስጥ ናቸው፣ ያዩት ነገር የለም። ባቡር እንዳያመልጣቸው እየበረሩ ሄደዋል።

"ሞተሬ ሚኤሶ ሄደ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፤ ድምፃቸው አልጮኸም። ባላቸው ከተቀበረ ወዲህ ሚኤሶን ረግጠው አያውቁም። እኔ ብቻዬን ልሂድ፣ እርስዎ ይቆዩ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ማሽላ ሊጭን ባዶውን የሚወርድ መኪና አስቁመው ጋቢናውን ከፍተው ገቡ። እኔ ከላይ ከጆንያዎቹ ጋር ተሳፈርኩ።

ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስንወርድ በየመንደሩ እየቆምን እንጠይቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ "አዎ፣ ሙሽራ የጫነ መኪና አልፏል፤ ነጭ ጨርቅ ከኋላው ይውለበለባል" አሉን። ከታች ያሉት ደግሞ "አስከሬን ነው ያለፈው፣ ከፈኑን አይተናል፤ ዱዓ አድርገንለታል" አሉን። አንድ ሽማግሌ የሟቹ ዘመድ መስዬአቸው እጄን ይዘው አጽናኑኝ። ሁኔታዬን አይተው ነው መሰለኝ፤ ማስተባበል ከበደኝና አሜን አልኩ።

ሚኤሶ ሙቀቱ ፊት ይልጣል። ጣቢያው ጋ ስንደርስ የሐጂ ኡመር መኪና የሐዲዱ ማቋረጫ አጠገብ ቆሟል። ሐጂ ወርደው ወደ ላይ ያያሉ፤ አንድ ወዛደር ጭነቱ ላይ ወጥቶ የእኔን ሳጥን እያገላበጠ ያያል። ባቡሩ በድሬዳዋው መስመር ከወደ አፍደም በኩል ድምፁ ይሰማል።

"መምህር፣ ይሄ ያንተ አይደለም ወይ?" አሉኝ ሐጂ። "በምን መጣ?"

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ወዛደሩ ሳጥኑን ወደ ጫፍ እየገፋው ነው። ቀስ ብለህ አውርደው ልለው ፈለግሁ። ሰውየው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ እንደምችል ለማሳየት ጊዜው ይህ ነበር። ተማሪዎቼ ኳስ ሲጫወቱ "ደርቢ! ደርቢ!" ሲባባሉ እሰማለሁ፤ አቀብለኝ ማለት መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ሁለት እጄን ዘርግቼ በሙሉ መተማመን "ገዲ ደርቢ" አልኩት። ለካ "ወደ ታች ወርውረው" ማለት ነው። ሐጂ "ሱታ..." ብለው ቀስ በል ሊሉት ሲጀምሩ ወዛደሩ የተማረ ሰው ትእዛዝ አክብሮ ወርውሮታል።

ሳጥኑ ከድንጋዩ ጋር በእግሩ መሬት ላይ ዱብ አለ። ወጥመዱ ጧ አለ። አራቱ ግድግዳዎች እንደ አበባ ተዘረጉ። ጋሪው ትንሽ ቆየ፣ ተነቃነቀ፣ መውረጃውን ይዞ ወረደና የሚኤሶን አሸዋ ጀመረ። ያን ያህል ያማረ አወራረድ በሙከራችን ሁሉ አላየሁም። ገዥው የሉ፣ አቶ ዳምጠው የሉ፣ ተማሪ የለ። ወዛደሮቹ ክር... ክር... የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ፈንጂ ነው ብለው ተበታተኑ። ግመል የሚጎትት አንድ ሰው ግመሉን ከፊቱ እንደ ጋሻ አዙሮ ቆመ።

ጋሪው ግን ለማንም ግድ አልነበረውም። ማቋረጫው ላይ መሬቱና ሐዲዱ እኩል ነው፤ ወጣበት። አንዱ ጣሳ ብረቱን ነካና አቅጣጫ አስቀየረው። ከዚያ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ገብቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት ጉዞ ጀመረ። ልከተለው ስል የጣቢያው ዘበኛ ኮቴን ከኋላ ያዘኝ። "ባቡር እየመጣ ነው፣ መሻገር ክልክል ነው" ይለኛል። ጋሪዬ እኮ ነው እለዋለሁ። "ጋሪ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው" ይለኛል።

እትዬ ጥሩወርቅ በአጠገባችን አለፉ። ዘበኛው እሳቸውን ለመያዝ አላሰበም፤ በዚያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው አካሄድ ነበር የሚሄዱት። ከራሳቸው ላይ ቀይ ሻሻቸውን ፈቱ። ሐዲዱ መካከል ገብተው፣ ጋሪውን ቀድመው፣ ከፊቱ ቆሙና ሻሹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ክንዳቸውን ሙሉ ዘርግተው ማውለብለብ ጀመሩ። አልቸኮሉም። ባቡሩ ጮኸ። ፍሬኑ ብረት በብረት ሲፋጭ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር መቆሙን ያወቅኩት ጸጥታው ሲመጣ ነው። ስገልጥ ባቡሩ ከእሳቸው ፊት ቆሟል፤ ጋሪው ደግሞ ደርሶ ተረከዛቸውን እየገፋ ባለበት ይንፏቀቃል።

የባቡሩ ነጂ ዘሎ ወረደ። ሸበቶ፣ ወፍራም፣ ፊቱ በቁጣ የቀላ ሰው ነው። ለስድብ አፉን ከፍቶ መጣና አጠገባቸው ሲደርስ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"ጥሩወርቅ?"

"ሽብሩ፣ ደህና ነህ?" አሉት፤ ሻሻቸውን መልሰው እያሰሩ።

አቶ ሽብሩ ከሟቹ ባላቸው ጋር አብረው የሠሩ፣ የቀብሩ ዕለት ቃሬዛ የተሸከሙ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸው ድሬዳዋ ብቻቸውን ይኖራሉ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት ወደ ጋሪው ዝቅ ብለው "ይህ ምንድነው?" ሲሉ ነው።

ዘበኛው ለቀቀኝና ወደ እነሱ ሄድኩ። "ጨረቃ ላይ ካረፉ በኋላ የሚሄዱበት ነው" አልኳቸው።

አቶ ሽብሩ እኔን አዩኝ፣ ጋሪውን አዩት፣ ከኋላቸው በየመስኮቱ አንገቱን ያወጣውን መንገደኛ አዩት። "እኔ ባቡር ያቆምኩበትን ምክንያት ለአለቆቼ መናገር አለብኝ" አሉ። "በሬ ነበረ እላለሁ። ጨረቃ ካልኩ ጡረታ ያወጡኛል።" ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ግን አንስተሽው ዞር አትዪም ነበር?" አሏቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጋሪውን ተመለከቱ። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ አንድ ሕፃን በአንድ እጁ ያነሳዋል። ሳቁ። በአከራይነት ባወቅኋቸው ጊዜ ሁሉ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አቶ ሽብሩም ሳቁ። ሐጂ ኡመርም "ላ ሐውለ..." ብለው ፈጣሪን መጥራት ጀምረው በሳቅ አቋረጡት። ጫቱ ተጫነ፣ ባቡሩ ሄደ።

ያን ቀን እትዬ ጥሩወርቅ ከድሮ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሊሰነብቱ ሚኤሶ ቀሩ፤ ሴቶቹ በኦሮምኛ ስማቸውን እየጠሩ፣ እየሳሟቸው ወሰዷቸው። እኔ ጋሪዬን ይዤ በሐጂ መኪና ተመለስኩ። አቶ ዳምጠው በር ላይ ጠበቁኝ።

"ደረሰ?" አሉኝ።

"ደርሷል። ተከፍቶ፣ ወጥቶ፣ ሄዷል። ሚኤሶ።"

"ለገዥው ለዛሬ አይመለስም ብያቸዋለሁ። እጅግ ተደስተው ነው የሄዱት። ቢሆንም አንድ የሚታመን ምስክር ቢኖር..."

ምስክሩ ሐጂ ኡመር ሆኑ። በማግስቱ ገዥው ዘንድ ሄደው ያዩትን ሁሉ ተናገሩ፤ የእኔን ኦሮምኛም አልደበቁልኝም። ሐጂ ወላሂ ካሉ አሰበ ተፈሪ ላይ የሚጠራጠር የለም። ቤተ ሙከራው ተፈቀደ። ግድግዳው ሲነሳ ተማሪዎቼ ጭቃ ያቀብሉ ነበር፤ "ደርቢ" ሲሉኝም አሁን ወርውር ማለት መሆኑን አውቄ እወረውራለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ተመለሱ፤ ሞተሩንም አሸዋውን አራግፌ አስረከብኳቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ ሽብሩ ዕረፍት ባገኙ ቁጥር ከሚኤሶ በጭነት መኪና እየወጡ ይጠይቁን ጀመር። መጀመሪያ ጋሪውን ሊያዩ ነበር የሚመጡት። ስለ ወጥመዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ጃንጥላው ጠየቁኝ፣ ደጋግመው ጠየቁኝ። አንድ ሰው ስለ አንድ ወጥመድ ይህን ያህል ጊዜ አይጠይቅም ብዬ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሳይንስ ማስተማሬን እንጂ ሰው ማየቴን ማን ነገራችሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሐጂ ኡመርም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነው ነገሩ ሲያልቅ የሰማሁ የመጨረሻው ሰው ነበርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ቤቱን ሸጡት፤ የገዛው ሰው ደግሞ ልጆቹ ብዙ ናቸውና የእኔን ክፍል ፈለጋት። ጨረቃን ለመድረስ ተነስቼ ቤት አልባ ሆንኩ።

የሚሄዱ ዕለት ዕቃቸውን ሳወጣላቸው በረንዳው ላይ ትንሽ አረፍን። አቶ ሽብሩ መኪናው ጋ ገመድ ያጠብቃሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ ባቡሩ ፊት ለምን ቆሙ? አንስተውት ዞር ማለት ይችሉ ነበር።"

ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

"ማንሳቱ አልመጣልኝም" አሉ። "ብቻውን ሲሄድ አየሁትና፣ አጠገቡ ልቁም አልኩ።"

ከዚያ በኋላ የምለው ነገር አጣሁ፤ ለእኔ ይህ ብርቅ ነው። ሳጥናቸውን አንስቼ ወደ መኪናው ተሸከምኩላቸው።